የእንግሊዝኛ ፊደል፦ ስሙ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ

የአማርኛ ፊደል የሚቆጥር ልጅ «ለ» ብሎ የፊደሉን ስም ሲጠራ ድምፁንም አብሮ ጠርቷል። በእኛ ፊደል ስምና ድምፅ አንድ በመሆናቸው፣ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ለይቶ የጨረሰ ልጅ ትርጉሙን ጨርሶ የማያውቀውን ቃል እንኳ ከገጽ ላይ አንሥቶ ማንበብ ይችላል። እንግሊዝኛ ላይ ሲደርስ ግን ይኸው መልካም ልማድ ያሳስተዋል። «ኤች» በሚባለው ፊደል ስም ውስጥ ፊደሉ የሚወክለው የ«ህ» ድምፅ የለም። «ዋይ» የሚባለው ፊደል ስሙ በ«ዋ» ይጀምራል፤ ድምፁ ግን «የስ» በሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ እንደምንሰማው «ይ» ነው። «ሲ» የሚባለው ደግሞ ድመት ማለት በሆነው «ካት» ውስጥ «ክ»፣ ከተማ ማለት በሆነው «ሲቲ» ውስጥ «ስ»፣ ውቅያኖስ ማለት በሆነው «ኦሽን» ውስጥ «ሽ» ሆኖ ይነበባል።

ጉዳዩ ለእኛ ቀላል አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወስኗል። ስለዚህ ተማሪው ባዮሎጂውንና ፊዚክሱን በእንግሊዝኛ መማር ሲጀምር የንባብና የአነጋገር ችግሩ ከእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ አልፎ ወደ ሁሉም ትምህርት ይገባል። ብዙዎቻችን «ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ» ብለን በዜማ ያጠናነው የፊደላቱን ስም ነው፤ ስሙ ድምፁን እንደማይነግረን ግን ለይቶ ያስረዳን አልነበረም። ከዚህም የተነሣ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሥርዐት የሌለው፣ እያንዳንዱ ቃል በሽምደዳ ብቻ የሚያዝ ይመስለናል። ሥርዐት አለው፤ ነገር ግን ሥርዐቱ የሚገባን የቃሉን ዕድሜና የመጣበትን አገር ስናውቅ ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንመልከት። እንግሊዝኛ 26 ፊደላት አሉት። መደበኛ በሚባለው የብሪታንያ አነጋገር ግን የቋንቋው ድምፆች 44 ያህል ሲሆኑ፣ ከእነዚህ 24ቱ ተነባቢዎች፣ 20ዎቹ አናባቢዎች ናቸው። ለሃያዎቹ አናባቢዎች የተመደቡት ፊደላት አምስት ብቻ ናቸው፤ «ዋይ» አልፎ አልፎ ያግዛቸዋል። ፊደል ከድምፅ ሲያንስ ሁለት መፍትሔ አለ፦ አዲስ ፊደል መጨመር ወይም ያሉትን ማጣመር። አማርኛ የመጀመሪያውን መንገድ መርጧል። ግዕዝ ያልነበሩትን ድምፆች ለመጻፍ «ሰ» ላይ ምልክት ተጨምሮበት «ሸ»፣ «ተ» ላይ ተጨምሮበት «ቸ»፣ «ነ» ላይ ተጨምሮበት «ኘ» ተቀርጿል። እንግሊዝኛ ሁለተኛውን ያዘ፤ «ኤስ»ን ከ«ኤች» አጣምሮ «ሽ»፣ «ሲ»ን ከ«ኤች» አጣምሮ «ች» አለ። እንግሊዝኛ ሲነበብ ሁለት ፊደላትን እንደ አንድ ማየት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ ከጥንቱ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ597 ከሮም የተላከው መነኩሴ አውግስጢኖስና ተከታዮቹ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ወዳለው ኬንት ገብተው ክርስትናን ሲሰብኩ የላቲን ፊደልም አብሮ ተስፋፋ። መነኮሳቱ የአገሩን ቋንቋ በላቲን ፊደል መጻፍ ሲጀምሩ ለጎደላቸው ድምፅ ከአሮጌው የአገሩ ጽሕፈት ፊደል እስከ መዋስ ደርሰዋል፤ በጠቅላላው የሰሙትን ነበር የሚጽፉት። ዛሬ ፈረሰኛ ጦረኛ ማለት የሆነውና «ናይት» ተብሎ የሚነበበው ቃል መጀመሪያው ላይ «ኬ»፣ መካከሉ ላይ «ጂ» እና «ኤች» አሉት፤ ሦስቱም ዛሬ አይነበቡም። ያን ጊዜ ግን ሁሉም ድምፅ ነበራቸው፤ ቃሉ በእኛ ፊደል ቢጻፍ «ክኒኅት» ይሆናል፤ «ኅ»ን በጥንታዊው የግዕዝ ድምፅዋ፣ ከጉሮሮ አካባቢ እንደሚወጣው የትግርኛ «ኽ» አድርገን ካነበብናት። ያ የጉሮሮ ድምፅ ከእንግሊዝኛ ሲጠፋ በአንዳንድ ቃል ውስጥ ምንም ሳይተካ ቀረ፤ በሌላው ውስጥ ደግሞ ወደ «ፍ» ተለወጠ። «ጂ» እና «ኤች» ሌሊት ማለት በሆነው «ናይት» ውስጥ ዝም ብለው፣ በቃ ማለት በሆነው «ኢናፍ» እና ሳቅ ማለት በሆነው «ላፍ» ውስጥ «ፍ» ሆነው የሚነበቡት ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህን የሚያነብ ሰው እኛም ተመሳሳይ ነገር እንዳለን ማስተዋሉ አይቀርም። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ»ም እንዲሁ። በግዕዝ ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ «ሐ» እና «ዐ» በትግርኛ እስከ ዛሬ ተለይተው ይሰማሉ። «ዓይን»ን በ«ዓ» የምንጽፈው ዛሬ የምንሰማው ልዩነት ኖሮ ሳይሆን ቃሉ ያለፈበትን ታሪክ ስለምናከብር ነው። የእንግሊዝኛ አጻጻፍ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ እነሱ ያደረጉት ግን ከእኛ እጅግ በሰፋ መጠን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1066 ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ የቤተ መንግሥቱም የጸሓፊዎቹም ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። ጸሓፊዎቹ የእንግሊዝኛውን ቃል በለመዱት በፈረንሳይኛ ደንብ ጻፉት። ንግሥት ማለት የሆነው «ክዊን» ቀድሞ በ«ሲ» እና በ«ደብሊው» ይጻፍ የነበረው በ«ኪው» እና በ«ዩ» መጻፍ ጀመረ፤ ረጅሙ የ«ኡ» ድምፅ በ«ኦ» እና በ«ዩ» ጥምር ተወከለ። በዘመኑ የእጅ ጽሕፈት «ዩ»፣ «ኤን»፣ «ኤም» እና «ቪ» ሁሉም ከቀጥ ያሉ አጫጭር ጭረቶች የተሠሩ ስለነበሩ፣ ጎን ለጎን ሲመጡ ለዓይን ያስቸግሩ ነበር። ጸሓፊዎቹም ንባቡን ለማቅለል በእነዚህ ፊደላት አጠገብ ያለውን «ዩ» በ«ኦ» ተኩት። ወንድ ልጅ ማለት የሆነው «ሰን» እና ፍቅር ማለት የሆነው «ላቭ» የ«ኦ» ድምፅ ሳይኖራቸው በ«ኦ» የሚጻፉት በዚህ የተነሣ እንደሆነ አጥኚዎች ያስረዳሉ።

ከሁሉ የከበደው ለውጥ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ የእንግሊዝኛ ረጃጅም አናባቢዎች ቦታቸውን ለቀቁ። የቋንቋ ሊቃውንት ታላቁ የአናባቢ ሽግሽግ ይሉታል። ከሽግሽጉ በፊት «ኤ»፣ «ኢ»፣ «አይ»፣ «ኦ»፣ «ዩ» የምንላቸው አምስቱ ፊደላት ይነበቡ የነበሩት ጣሊያንኛ ዛሬ እንደሚያነባቸው፣ ማለትም እንደየቅደም ተከተላቸው በእኛ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሣልስ፣ ሳብዕና ካዕብ ድምፅ ነበር። ስም ማለት የሆነው ቃል «ናመ» ይባል ነበር፤ ዛሬ «ኔይም» ነው። «ፌት» የነበረው «ፊት» ሆነ፤ ትርጉሙ እግሮች ነው። «ፎድ» የነበረው «ፉድ» ሆነ፤ ምግብ ማለት ነው። ጊዜ ማለት የሆነው «ቲመ» ወደ «ታይም»፣ ቤት ማለት የሆነው «ሁስ» ወደ «ሃውስ» ተለወጠ።

ለውጡ በዘፈቀደ የሆነ አልነበረም። አናባቢውን ስንል ምላስ በአፍ ውስጥ የምትይዘው ከፍታ አለ፤ በሽግሽጉ እያንዳንዱ ረጅም አናባቢ አንድ እርከን ወደ ላይ ወጣ። ኃምሱ ወደ ሣልስ፣ ሳብዑ ወደ ካዕብ ከፍ አለ፤ ራብዑ ወደ ኃምስ ተጠጋ። ሣልሱና ካዕቡ ግን ቀድሞውኑ ምላስ ልትደርስበት በምትችለው ጫፍ ላይ ስለነበሩ ከዚያ በላይ መውጫ አጥተው ለሁለት ተሰነጠቁ፤ ሣልሱ «አይ»፣ ካዕቡ «አው» ሆነ። «ና፣ ኔ፣ ኒ፣ ኖ፣ ኑ» ብሎ የምላሱን መውጣትና መውረድ በራሱ አፍ ውስጥ የተከታተለ አንባቢ ነገሩን ከማንኛውም ሥዕል በተሻለ ይረዳዋል። የፊደላቱም ስም አብሮ ተሸጋሽጓል፤ ሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች «አ» የሚሉትን ፊደል እንግሊዞች «ኤ»፣ እነሱ «ኤ» የሚሉትን «ኢ»፣ እነሱ «ኢ» የሚሉትን «አይ» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

ችግሩን ያጸናው ማተሚያ ቤት ነው። ዊልያም ካክስተን በእንግሊዝ የመጀመሪያውን ማተሚያ ዌስትሚንስተር ውስጥ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1476፣ ሽግሽጉ በመካሄድ ላይ ሳለ ነበር። ከዚያ በኋላ መጻሕፍት እየበዙ ሲሄዱ አጻጻፉ ቀስ በቀስ ረጋ፤ አነጋገሩ ግን መለወጡን አላቆመም። ስለዚህ የዛሬው አንባቢ የሚያየው በአብዛኛው በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዘመን የነበረውን አነጋገር ነው። በዚህ ላይ የላቲን ፍቅር ያደረባቸው ሊቃውንት የራሳቸውን ጨምረውበታል። ዕዳ ማለት የሆነው «ዴት» ከፈረንሳይኛ ሲመጣ «ቢ» አልነበረበትም፤ የላቲን ሥሩን ለማሳየት ሲባል «ቢ» ተሰካበት እንጂ ማንም በእንግሊዝኛ ጠርቶት አያውቅም። ደሴት ማለት በሆነው «አይላንድ» ውስጥ ያለው «ኤስ» ደግሞ ከናካቴው ስሕተት ነው፤ ቃሉ ጥንታዊ የአገሩ ቃል ሆኖ ሳለ ከላቲን የመጣ ስለመሰላቸው ነው የጨመሩት።

በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ላይ የሚቀርብ አንድ የታወቀ ክስ አለ። ዓሣ ማለት የሆነው «ፊሽ» በ«ጂ»፣ «ኤች»፣ «ኦ»፣ «ቲ»፣ «አይ» ሊጻፍ ይችላል ይባላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «ኢናፍ» ውስጥ «ፍ» ስለሆኑ፣ «ኦ» ሴቶች ማለት በሆነው «ዊመን» ውስጥ «ኢ» ስለሆነ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ «ኔሽን» ውስጥ «ሽ» ስለሆኑ። ነገሩ ብዙ ጊዜ ለጸሐፌ ተውኔቱ ለበርናርድ ሾው ይሰጣል፤ ሆኖም ሾው ከመወለዱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1855 በተጻፈ ደብዳቤ ላይ ይገኛል። ክሱ ግን አይጸናም። «ጂ» እና «ኤች» በቃል መጀመሪያ ላይ ከቶ «ፍ» አይሆኑም፤ «ቲ» እና «አይ» «ሽ» የሚሆኑት ሌላ አናባቢ ፊደል ሲከተላቸው ነው፤ «ኦ» «ኢ» ሆኖ የሚነበበው ደግሞ «ዊመን» በሚለው በዚያ ቃል ነው። ፊደሉ የሚነበበው በቆመበት ቦታና በጎረቤቱ መሠረት መሆኑን ያልተረዳ ሰው ብቻ በዚህ አጻጻፍ «ፊሽ»ን ያነባል።

የቃሉ የትውልድ አገርም እንዲሁ ንባቡን ይወስናል። የ«ሲ» እና የ«ኤች» ጥምር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ቃሉ የቆየ የእንግሊዝኛ ቃል ከሆነ ጥምሩ «ች» ነው፤ «ቸርች» እና ልጅ ማለት የሆነው «ቻይልድ» ይህን ያሳያሉ። ከግሪክ የመጣ የትምህርት ቃል ከሆነ «ክ» ነው፤ «ኬሚስትሪ» እና «ቴክኖሎጂ» የምንለው ለዚህ ነው። በቅርብ ዘመን ከፈረንሳይ የገባ ከሆነ ደግሞ «ሽ» ነው፤ «ማሺን» እና «ሼፍ» እንደምንለው። «ማሺን» የሚለውን ቃል እኛም ከጣሊያኖች ወስደን «መኪና» ብለነዋል፤ በጣሊያንኛ የ«ሲ» እና የ«ኤች» ጥምር «ክ» ስለሆነ አንዱ ቃል በሁለት መንገድ ወደ አዲስ አበባ ገብቶ ሁለት ድምፅ ይዞ ይኖራል።

ከዚህ በኋላ ደንቦቹን ማየት ይቀላል። «ሲ» ከ«ኢ»፣ ከ«አይ» ወይም ከ«ዋይ» በፊት ሲመጣ «ስ»፣ በሌላ ቦታ በአብዛኛው «ክ» ነው፤ ይህ ደንብ የሚታመን ነው። «ጂ» በእነዚሁ ፊደላት ፊት ብዙ ጊዜ «ጅ» ይሆናል፤ ነገር ግን «ጌት» (ማግኘት)፣ «ጊቭ» (መስጠት) እና «ገርል» (ልጃገረድ) የመሳሰሉ የዕለት ተዕለት ቃላት ከላቲን ያልመጡ ስለሆኑ «ግ» ይላሉ። በቃል መጨረሻ ላይ ያለችው ድምፅ አልባዋ «ኢ» ቀድሞ «ናመ» በሚለው ላይ እንዳየነው ትነበብ ነበር፤ ዛሬ ሥራዋ ከፊቷ ያለውን አናባቢ በፊደሉ ስም እንዲነበብ ማድረግ ነው። ባርኔጣ ማለት በሆነው «ሃት» ላይ ስትጨመር ጥላቻ ማለት የሆነውን «ሄይት» ትሰጠናለች።

የተደጋገመ ተነባቢ ግን ለእኛ የተለየ ወጥመድ ስለሆነ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። በአማርኛ መጥበቅና መላላት ትርጉም ይለውጣል፤ «ዋና» ሲላላ በውኃ ላይ መዋኘት፣ ሲጠብቅ አለቃ ወይም ቁልፍ የሆነው ነገር ነው፤ ሆኖም በጽሕፈት አናሳየውም። እንግሊዝኛ ላይ ሁለት «ኤን» ወይም ሁለት «ፒ» ጎን ለጎን ስናይ «እነሆ ማጥበቂያው» ብለን እናጠብቃለን። እራት ማለት የሆነውን «ዲነር» በጠበቀ «ን»፣ ደስተኛ ማለት የሆነውን «ሃፒ» በጠበቀ «ፕ» የምንጠራው በዚህ የተነሣ ነው። በእንግሊዝኛ ግን በአንድ ቃል ውስጥ የሚጠብቅ ድምፅ የለም። የተደጋገመው ፊደል የሚናገረው ስለ ራሱ ሳይሆን ከፊቱ ስላለው አናባቢ ነው፤ አጭር አድርገህ አንብብ ማለት ነው። ሁለት «ኤን» ያለው «ዲነር» እራት ሲሆን፣ አንዱ «ኤን» ሲቀነስ «ዳይነር»፣ ማለትም ተመጋቢ ይሆናል። የ«ን» ድምፅ በሁለቱም ላይ እኩል ላላ ያለ ነው።

ያለፈ ጊዜን የምታሳየው የ«ኢ» እና የ«ዲ» ቅጥያም ብዙ ሰው ታሳስታለች። ንባቧ ሦስት ነው፤ ሠራ ማለት በሆነው ግስ ላይ «ወርክት»፣ ተጫወተ ማለት በሆነው ላይ «ፕሌይድ»፣ ፈለገ ማለት በሆነው ላይ «ዎንቲድ» ይባላል። ምክንያቱን ለማወቅ ጣትን ጉሮሮ ላይ አድርጎ «ዝዝዝ» ቀጥሎም «ስስስ» ማለት ይበቃል። «ዝ» ሲባል ጉሮሮ ይንቀጠቀጣል፤ «ስ» ሲባል ዝም ይላል። ግሱ ጉሮሮን በማያንቀጠቅጥ ድምፅ ካለቀ ቅጥያው «ት»፣ በሚያንቀጠቅጥ ካለቀ «ድ» ይሆናል፤ ግሱ ራሱ በ«ት» ወይም በ«ድ» ሲያልቅ ብቻ «ኢድ» ይባላል። የብዙ ቁጥሯ «ኤስ»ም በዚሁ ሕግ ትሄዳለች፦ ድመቶች «ካትስ»፣ ውሾች «ዶግዝ»፣ አውቶቡሶች «በሲዝ»። ይህ ሕግ የማይዛባ ስለሆነ በአንድ ቀን ተጠንቶ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ነው።

አማርኛ አፍ የፈታ ሰው የሚቸገርባቸው ድምፆች ጥቂት ናቸው። የ«ቲ» እና የ«ኤች» ጥምር በአማርኛ የሌሉ ሁለት ድምፆችን ይወክላል፤ ሁለቱም የሚወጡት የምላስ ጫፍ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ብቅ ብሎ አየር ሲያልፍበት ነው። ይህ ሳይደረግ ሲቀር «ይህ» የሚለው «ዚስ»፣ «አስባለሁ» የሚለው «አይ ሲንክ» ይሆንና ሰሚው «እሰምጣለሁ» ብሎ ይረዳዋል። መርከብ ማለት የሆነውና በግ ማለት የሆነው ቃል ሁለቱም በእኛ ጆሮ «ሺፕ» ናቸው። የበጉ አናባቢ ጥርት ያለና የረዘመ ሣልስ ነው፤ የመርከቡ ግን አጠር፣ ላላ ብሎ ከሣልስ ወደ ሳድስ ያዘነበለ ነው። የ«ኤን» እና የ«ጂ» ጥምር በቃል መጨረሻ ላይ አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ መዝፈን ማለት የሆነውን «ሲንግ» ብለን ስንጽፍ በእንግሊዝኛው የሌለ «ግ» እንጨምራለን። ትክክለኛውን ድምፅ ለማግኘት «አንገት» ለማለት ጀምሮ «ግ» ሳይወጣ ማቆም ነው፤ በዚያ ቦታ ያለው «ን» ከተራው «ን» ተለይቶ ከምላስ ሥር እንደሚወጣ ልብ ይሏል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን፣ አንድ ሰው እንግሊዝኛ ሲናገር ከማይገባን ነገር አብዛኛው የሚመጣው ከፊደል ሳይሆን ከአጽንኦት ነው ብዬ አምናለሁ፤ በክፍል ውስጥ ከሁሉ የተረሳውም እሱ ነው። አማርኛ የቃሉን ክፍሎች ተቀራራቢ በሆነ ጉልበት ይጠራል። እንግሊዝኛ ከአንድ በላይ ክፍል ባለው ቃል ውስጥ አንዱን ክፍል ረዘም፣ ጎላ፣ ከፍ አድርጎ ይጠራና ሌሎቹን ያደክማቸዋል። የደከመው አናባቢ ፊደሉ ምንም ይሁን ምን ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ድምፅ ይወርዳል፤ ያም ድምፅ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ «በ»፣ «ከ»፣ «ነ» ስንል ከምንሰማው የግዕዝ አናባቢ ጋር እጅግ ተቀራራቢ ነው፤ ብቻውን ሲቆም «ኧ» ብለን የምንጽፈው።

«ፎቶግራፍ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። እንግሊዝኛው አጽንኦቱን መጀመሪያው ላይ አድርጎ «ፎተግራፍ» ይለዋል። ፎቶ አንሺው ግን «ፈቶግረፈር» ነው፤ አጽንኦቱ ወደ «ቶ» ስለሄደ መጀመሪያው «ፎ» ደክሞ «ፈ»፣ «ግራ»ም «ግረ» ሆኗል። ቅጽሉ ደግሞ «ፎተግራፊክ» ሲሆን አጽንኦቱ «ግራ» ላይ ነው። ፊደላቱ በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ አናባቢዎቹ የተለዋወጡት አጽንኦቱ ስለተንቀሳቀሰ ብቻ ነው። በሌላ ቃል ላይ አጽንኦቱ ስምን ከግስ ይለያል፦ «ሬኮርድ» መጀመሪያው ላይ ሲጎላ መዝገብ፣ «ሪኮርድ» መጨረሻው ላይ ሲጎላ መመዝገብ ነው። እኛ እነዚህን ቃላት ቀድመን በአማርኛ ጋዜጣና ሬዲዮ ስለለመድናቸው፣ ያውም እያንዳንዱ አናባቢ በሙሉ ድምፁ ተጽፎ፣ ወደ እንግሊዝኛውም ይዘናቸው እንሄዳለን። «ኮምፒውተር» በአማርኛ ንግግር ውስጥ ትክክለኛ የአማርኛ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛ ሲነገር ግን «ከምፒውተር» ተብሎ «ፒው» ላይ ይጎላል።

የአጽንኦት ጉድለት ትርጉምን እስከ መገልበጥ ይደርሳል። መቻልን የሚያሳየው «ካን» በዐረፍተ ነገር መካከል ሲገባ ደክሞ «ከን» ይባላል፤ አለመቻልን የሚያሳየው ግን ሙሉ አናባቢውን ይዞ «ካንት» ይላል። በአሜሪካ አነጋገር የመጨረሻው «ት» ብዙ ጊዜ ስለሚዋጥ ሰሚው ሁለቱን የሚለየው በአናባቢው ነው። ስለዚህ በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ «አይ ካን ዱ ኢት» ብሎ «ካ»ን አጉልቶ የተናገረ ወገናችን «እችላለሁ» ለማለት ፈልጎ «አልችልም» እንዳለ ሊወሰድበት ይችላል። «አይ ከን ዱ ኢት» ብሎ «ዱ»ን ማጉላት ነበር የሚገባው።

አሜሪካ ለሚኖሩ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ አነጋገር በሁለት አናባቢዎች መካከል የሚገባው «ቲ» ብዙ ጊዜ ከእኛ ከላላው «ር» ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ውኃ «ዋረር»፣ ከተማ «ሲሪ» ሆኖ የሚሰማን ጆሯችን ስላታለለን አይደለም። የራሳቸው «ር» ደግሞ ምላስ ድድን ሳይነካ ወደ ኋላ ተሰብስቦ የሚወጣ ነው፤ በመደበኛው የብሪታንያ አነጋገር ከአናባቢ በፊት ካልሆነ በቀር ጭራሽ አይሰማም፤ መኪና ማለት የሆነው «ካር» ለንደን ላይ የረዘመ «ካ» ብቻ ነው። የትኛውንም መያዝ ይቻላል፤ ሁለቱን ማደባለቅ ግን ሰሚውን ያደናግራል።

መዝገበ ቃላት ይህን ሁሉ ችግር አስቀድሞ አስቦበታል። እ.ኤ.አ. በ1886 ፓሪስ ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የድምፅ ጥናት ማኅበር አንድ ምልክት ለአንድ ድምፅ ብቻ የሚቆምበትን ፊደል አዘጋጅቷል፤ በመርሁ ከእኛ ፊደል ጋር የሚቀራረብ ነው። በብዙ መዝገበ ቃላት ከቃሉ ቀጥሎ የሚታየው ልዩ ጽሕፈት እሱ ነው። በመጀመሪያ መፈለግ የሚገባው ከላይ የምትደረገውን ትንሽ ቀጥ ያለች ጭረት ነው፤ አጽንኦቱ ያለው ከእሷ ቀጥሎ ባለው ክፍል ላይ ነው። ቀጥሎ የተገለበጠችውን የ«ኢ» ፊደል መፈለግ ነው፤ የደከመው አናባቢ ምልክት እሷ ናት፤ በእኛም «ኧ» ተብላ ትነበባለች። አዲስ ቃል በደብተር ሲመዘገብ ከትርጉሙ አጠገብ ንባቡን በአማርኛ ፊደል ማስፈር ነውር የለበትም፤ የደከሙትን አናባቢዎች በግዕዝ ጽፎ ከጎላው ክፍል ሥር መስመር ማስመር ብቻ ነው። ሙዝ «በናነ» ተብሎ «ና» ሥር ይሰመርበታል፤ ፕሬዚዳንት «ፕሬዚደንት» ተብሎ «ፕሬ» ሥር፤ «ስለ» የሚለው መስተዋድድ «ኧባውት» ተብሎ «ባውት» ሥር።